ትልቅ ቁጥርን መተንተን፦ አካፋዮቹን፣ ድምራቸውንና ሌሎች ባሕርያቱን ሳትሳሳቱ እንዴት ታወጣላችሁ?

የማስጠናቸው ልጆች ደብተር ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ስህተት አለ። ቀመሩን በቃላቸው ይዘውታል፣ ማባዛቱንም ይችሉበታል፤ መልሳቸው ግን መሆን ከሚገባው ግማሹ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከቀመሩ በፊት ነው። ሲያካፍሉ ሲያካፍሉ ቆይተው መጨረሻ ላይ የተረፈችውን ቁጥር ያዩና «ይቺማ ብቸኛ ናት» ብለው እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ሳይፈትኗት።

እዚህ አንድ ቁጥር ይዘን ከላይ እስከ ታች እንሄዳለን፦ 11,204,424። ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁኝ ሥሩ። በዓይን ብቻ ከተከተላችሁ ሁሉም ቀላል ይመስላል፤ ፈተና ላይ ግን እጅ ያልሠራውን አያውቀውም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ስኩዌር ደብተር ያዙ፤ በአንድ ካሬ አንድ አሃዝ ጻፉ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚንቁት አሉ። ከታች የምታዩት ትልቁ ስህተት ግን የሚመጣው ከአንድ የጠፋች ዜሮ ነው፣ ባዶ ካሬ ደግሞ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከገጹ አናት ላይ ከ50 በታች ያሉትን 15 ብቸኛ ቁጥሮች ጻፉ፦

2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47

1 እዚህ ውስጥ የለም። ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። ሌላ አካፋይ ያለው ተተንታኝ ይባላል። ሁለት ቃላትም አታምታቱ፦ «ቀሪ» ስል ማካፈሉ ሲያልቅ የሚቀረውን ማለቴ ነው፤ «የተረፈው ቁጥር» ስል ደግሞ ያወጣናቸውን አካፋዮች ካነሳን በኋላ ገና ያልተተነተነውን።

ካልኩሌተር ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን። ማስጠንቀቂያ፦ የስልክ ካልኩሌተር ቁጥር ሲረዝምበት ሊያጠጋጋ ይችላል። ኤክሴልም የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው፤ 16 አሃዝ ያለው ቁጥር ብታስገቡ የመጨረሻዋን አሃዝ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዜሮ ያደርጋታል። የእኛ ቁጥር 8 አሃዝ ስለሆነ አያሰጋም፤ የራሳችሁን ረዥም ቁጥር ስትሠሩ ግን አስቡበት።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በትክክል ቅዱ

1. አሃዞቹን ደምሩ፦ 1+1+2+0+4+4+2+4 = 18።
2. ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 4−2+4−4+0−2+1−1 = 0።
3. ሁለቱንም ውጤቶች ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

ሁለተኛው ለምን አስፈለገ? ስትቀዱ ሁለት አሃዝ ቦታ ቢለዋወጥባችሁና 11,240,424 ብትጽፉ ድምሩ ያው 18 ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። በመደመርና በመቀነስ ስትሄዱ ግን 8 ይመጣል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት የተለያዩ አሃዞች ከተለዋወጡ ይህኛው ሁልጊዜ ይለወጣል።

ሁለቱን ውጤቶች አትሰርዟቸው፤ በኋላ ለ3፣ ለ9ና ለ11 ፈተና ይሆኗችኋል።

ደረጃ 2፦ ጣሪያውን እወቁ

አንድ ቁጥር ተተንታኝ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ብቸኛ አካፋዩ ከዳግም ዘሩ (ከስኩዌር ሩቱ) አይበልጥም። ሁለቱም አካፋዮች ከዳግም ዘሩ ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል። ስለዚህ መፈተን ያለባችሁ እስከዚያ ብቻ ነው።

3,347 ለራሱ ሲባዛ 11,202,409፣ 3,348 ለራሱ ሲባዛ 11,209,104 ነው። ቁጥራችን በመሃላቸው ስለወደቀ ጣሪያችን 3,347 ነው። እስከዚያ ከ400 በላይ ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። አትደንግጡ፤ አካፋይ ባወጣችሁ ቁጥር ጣሪያው እየወረደ ይሄዳል።

ደረጃ 3፦ ትንንሾቹን አውጡ

ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ አካፋይ ስታገኙ ወደ ቀጣዩ አትለፉ። እንቢ እስኪል ድረስ በዚያው ደጋግማችሁ አካፍሉ።

በ2
የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች 424 ናቸው፤ 424 = 8 × 53። ስለዚህ ቁጥሩ በ8 ይካፈላል።

11,204,424 ÷ 2 = 5,602,212
5,602,212 ÷ 2 = 2,801,106
2,801,106 ÷ 2 = 1,400,553

ጎዶሎ ሆነ፣ 2 አበቃ። ሦስት ጊዜ ስላካፈልን 2³ ብላችሁ ጻፉ። ጣሪያውም 1,183 ሆነ።

በ3
1+4+0+0+5+5+3 = 18፣ በ9 ይካፈላል። 1,400,553 ÷ 9 = 155,617። እንደገና ፈትኑ፦ 1+5+5+6+1+7 = 25፤ በ3 አይካፈልም። 3² ጻፉ። ጣሪያው 394።

በ5
መጨረሻው 0 ወይም 5 አይደለም። እለፉ።

በ7
ለ7 የሚባሉ አቋራጭ ፈተናዎች አሉ፤ እኔ አልመክራቸውም። «ይካፈላል» ወይም «አይካፈልም» ይሏችኋል እንጂ ድርሻውን አይሰጡም፤ ያው መልሳችሁ ማካፈላችሁ አይቀርም። በቀጥታ አካፍሉ፦

15 ለ7፣ 2፣ ቀሪ 1
15 ለ7፣ 2፣ ቀሪ 1
16 ለ7፣ 2፣ ቀሪ 2
21 ለ7፣ 3፣ ቀሪ 0
7 ለ7፣ 1፣ ቀሪ 0

ድርሻው 22,231። አሁንም በ7 ሞክሩት፤ ቀሪ 6 ይሰጣል። አንድ 7 ብቻ ነው። ጣሪያው 149።

በ11
ከቀኝ፦ 1−3+2−2+2 = 0። ይካፈላል። አሁን ቀስ በሉ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦

22 ለ11፣ 2፣ ቀሪ 0
2 ለ11፣ 0፣ ቀሪ 2
23 ለ11፣ 2፣ ቀሪ 1
11 ለ11፣ 1፣ ቀሪ 0

ድርሻው 2,021። በሁለተኛው መስመር ላይ ያለችውን ዜሮ ያልጻፈ ሰው 221 ያገኛል። 221 ደግሞ 13 × 17 ስለሆነ ሥራው ያለ ምንም እንቅፋት ይቀጥልለታል። የአካፋዮቹ ብዛት እንኳ ከትክክለኛው ጋር አንድ ዓይነት ይመጣል! ይህን ስህተት ገና በጊዜው የሚይዘው ደረጃ 5 ነው፤ ስለዚህ ደረጃ 5ን አትዝለሉ።

ደረጃ 4፦ የተረፈውን ቁጥር ፈትኑ

አሁን በእጃችሁ ያለው 2,021 ነው። በ2 አይካፈል፣ በ3 አይካፈል፣ በ5ም። በ7 ቀሪ 5፣ በ11 ቀሪ 8። መልኩ ብቸኛ ይመስላል። መልክ ግን አይታመንም፤ 91፣ 119፣ 133፣ 187፣ 221፣ 247፣ 299፣ 323 ሁሉም ብቸኛ ይመስላሉ፣ አንዳቸውም አይደሉም።

ጣሪያውን አውጡ። 44 ለራሱ 1,936፤ 45 ለራሱ 2,025። ጣሪያው 44 ነው። ከ13 እስከ 43 ያሉትን ዘጠኝ ብቸኛ ቁጥሮች በተራ ፈትኑ፤ ቀሪውንም ጻፉ፦

በ13፦ ቀሪ 6
በ17፦ ቀሪ 15
በ19፦ ቀሪ 7
በ23፦ ቀሪ 20
በ29፦ ቀሪ 20
በ31፦ ቀሪ 6
በ37፦ ቀሪ 23
በ41፦ ቀሪ 12
በ43፦ ቀሪ 0

የመጨረሻው ላይ ተካፈለ፤ 2,021 = 43 × 47። ስምንት ጊዜ እንቢ ካለ በኋላ። አንዱ ልጅ 37 ላይ ደርሶ «ይበቃል» ብሎ ተወው፤ ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። ቀሪዎቹን በጽሑፍ ማስፈሩ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ የቱ ጋ እንደቆማችሁ ይታያችኋል፣ ደክሟችሁ ብትነሱም ከዚያው ትቀጥላላችሁ።

አቋራጭ፣ ሁለቱ አካፋዮች ከተቀራረቡ

ከጣሪያው በላይ ያለውን ሙሉ ቁጥር ለራሱ አባዙና የተረፈውን ቁጥር ቀንሱ። 45 × 45 = 2,025፤ 2,025 − 2,021 = 4። 4 ደግሞ 2 ለራሱ ተባዝቶ ነው። እንግዲህ አካፋዮቹ 45−2 እና 45+2፣ ማለትም 43 እና 47 ናቸው። ልዩነቱ ፍጹም ካሬ ካልሆነ 46ን፣ 47ን እያላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሩ። ካልመጣ ተዉትና ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ፤ አካፋዮቹ ከተራራቁ ይህ መንገድ ከማካፈሉ የበለጠ ይረዝማል።

የተረፈው ቁጥር በጣም ትልቅ ከሆነስ?

ስድስት አሃዝ ያለው ከተረፋችሁ ጣሪያው 999 ሊደርስ ይችላል፤ እስከዚያ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 168 ናቸው። በእጅ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላችሁን ግን ይወስዳል። ከዚያ በላይ ለኮምፒውተር ስጡት። ኮምፒውተሩም ቢሆን ወሰን አለው፦ አርኤስኤ-250 የተባለው 250 አሃዝ ያለው ቁጥር የተተነተነው ገና በ2020 እ.ኤ.አ. ነው።

ደረጃ 5፦ መልሳችሁ አባዙ

11,204,424 = 2³ × 3² × 7 × 11 × 43 × 47

ከትልቁ ወደ ትንሹ እያባዛችሁ ተመለሱ፦ 43 × 47 = 2,021፤ በ11 ሲባዛ 22,231፤ በ7 155,617፤ በ9 1,400,553፤ በ8 11,204,424። እያንዳንዱ እርምጃ በደረጃ 3 ካገኛችሁት ድርሻ ጋር ይገጥማል። ያልገጠመበት ቦታ ላይ ነው ስህተቱ፤ ከዚያ በፊት ያለውን እንደገና አትሥሩ።

ይህ ሳይገጥም ወደ ደረጃ 6 አትሂዱ።

ደረጃ 6፦ አካፋዮቹን ቁጠሩ

በእያንዳንዱ አርቢ (ብቸኛው ቁጥር ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በምትነግረው ከራሱ ላይ ባለች ትንሽ ቁጥር) ላይ 1 ጨምሩና ሁሉንም አባዙ። አርቢዎቹ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1 ናቸው፦

4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192

1 የምንጨምረው ያንን ብቸኛ ቁጥር ጭራሽ አለመውሰድም አንድ ምርጫ ስለሆነ ነው። 2ን ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መውሰድ ትችላላችሁ፤ አራት ምርጫ።

192 ካልመጣላችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር እዩ፦

96 ከሆነ፦ 2,021ን ብቸኛ ብላችሁታል። ወደ ደረጃ 4።
144 ከሆነ፦ አንድ 2 ጥላችኋል።
128 ከሆነ፦ ሁለተኛውን 3 ረስታችኋል።
6 ከሆነ፦ 1 ሳትጨምሩ አባዝታችኋል።
9 ከሆነ፦ አርቢዎቹን ደምራችኋል። 9 የብቸኛ አካፋዮቹ ብዛት ነው፣ ድግግሞሹ ተቆጥሮ፤ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም።

ደረጃ 7፦ አካፋዮቹን ደምሩ

192ቱን ዘርዝሮ መደመር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከ1 ጀምራችሁ እስከ አርቢው ያሉትን ደረጃዎች ደምሩ፤ ከዚያ ድምሮቹን አባዙ።

ለ2፦ 1+2+4+8 = 15
ለ3፦ 1+3+9 = 13
ለ7፦ 8
ለ11፦ 12
ለ43፦ 44
ለ47፦ 48

15 × 13 = 195፤ በ8 1,560፤ በ12 18,720፤ በ44 823,680፤ በ48 39,536,640።

ድምሩ ቁጥሩን ራሱንም ይጨምራል። ቁጥሩን ስትቀንሱ 28,332,216 ይቀራል። ይህ ከ11,204,424 ስለሚበልጥ ቁጥራችን ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ የሚያልፉት ዓይነት ነው። እኩል ሲሆን ፍጹም ቁጥር ይባላል፣ እንደ 6 እና 28።

የማይሆን መልስ ምልክት፦ የአካፋዮች ድምር ከቁጥሩ ራሱ ሊያንስ አይችልም። በ221 የሄደው ሰው 4,717,440 ያገኛል፤ ከቁጥሩ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ብዛቱ ያልነገረውን ድምሩ ይነግረዋል።

ደረጃ 8፦ የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ቁጠሩ

ከ1 እስከ 11,204,424 ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ስንት ናቸው? ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ከራሱ ላይ 1 ቀንሱ፤ አርቢው ከ1 ከበለጠ ደግሞ ውጤቱን በዚያው ብቸኛ ቁጥር፣ አርቢው በአንድ ተቀንሶ፣ አባዙ (ለ2³ በ2²፣ ለ3² በ3)።

ለ2³፦ 1 × 4 = 4
ለ3²፦ 2 × 3 = 6
ለ7፣ ለ11፣ ለ43፣ ለ47፦ 6፣ 10፣ 42፣ 46

4 × 6 × 6 × 10 × 42 × 46 = 2,782,080። 2,908,800 ያገኘ አሁንም 2,021ን አልፈታም።

የደረጃ 6፣ 7 እና 8 ቀመሮች ከተምታቱባችሁ በ12 ሞክሯቸው። 12 = 2² × 3። አካፋዮቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 12፦ ስድስት ናቸው፣ ድምራቸው 28። የጋራ አካፋይ የሌላቸው 1፣ 5፣ 7፣ 11፦ አራት። ቀመራችሁ 6፣ 28 እና 4 ካልሰጠ ለትልቁም አይሠራም።

ደረጃ 9፦ ፍጹም ካሬ ነው?

በ2፣ 3፣ 7 ወይም 8 የሚያልቅ ቁጥር ፍጹም ካሬ አይሆንም። የእኛ በ4 ስለሚያልቅ ይህ ፈተና አይረዳንም፤ በ4 አለቀ ማለት ግን ካሬ ነው ማለት አይደለም። አርቢዎቹን እዩ፦ ሁሉም ሙሉ (ተጋማሽ) መሆን አለባቸው። እኛ ጋ ከ3² በቀር ሁሉም ጎዶሎ ናቸው። አይደለም። የአካፋዮቹ ብዛት 192 ተጋማሽ መሆኑም ይህንኑ ይናገራል፤ የፍጹም ካሬ አካፋዮች ብዛት ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው።

በስንት ቢባዛ ካሬ ይሆናል? ጎዶሎ አርቢ ያላቸውን አንድ አንድ ውሰዱ፦ 2 × 7 × 11 × 43 × 47 = 311,234። 3ን አትጨምሩ፣ አርቢው ቀድሞውኑ ተጋማሽ ነው። ብዜቱ 1,867,404 ለራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

በባሕረ ሐሳብ (በዘመን አቆጣጠራችን ስሌት) ዐቢይ ቀመር የሚባለው ዙር 532 ዓመት ነው። በየአራት ዓመቱ 1,461 ቀን ስላለ 532 ዓመት 133 × 1,461 = 194,313 ቀን ይሆናል። ይህን ቁጥር ከደረጃ 1 ጀምራችሁ ሥሩት። መልሱን ሳታዩ ጨርሱ።

አሃዞቹ ሲደመሩ 21፤ በ3 ይካፈላል፣ በ9 አይካፈልም። ከ3 በኋላ 64,771፣ ከ7 በኋላ 9,253 ይተርፋል። 7 መውጣቱ ግድ ነበር፦ ዐቢይ ቀመር ሲዞር ዕለቱም አብሮ ስለሚመለስ ቀኖቹ በሙሉ ሳምንታት ማለቅ አለባቸው፤ 27,759 ሳምንት። 9,253 በ11፣ በ13፣ በ17 እንቢ ይላል፤ በ19 ይካፈላል፣ 487 ይተርፋል። 487ን እንዳታምኑት። ጣሪያው 22 ነው፤ በ7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19 አይካፈልም፣ አሁን ብቸኛ ነው ማለት ትችላላችሁ።

194,313 = 3 × 7 × 19 × 487። አካፋዮቹ 16፣ ድምራቸው 4 × 8 × 20 × 488 = 312,320፤ ቁጥሩ ራሱ ሲቀነስ 118,007፣ ከራሱ ያንሳል። የጋራ አካፋይ የሌላቸው 2 × 6 × 18 × 486 = 104,976 ናቸው። ይህ ደግሞ በትክክል 18⁴ ሆኖ ይገኛል፤ ለምን እንደሆነ ለማየት አራቱን ተባዢዎች ወደ 2 እና 3 ተንትኗቸው።